ጥቁሩ ዱቄትና የሙጠሊብ ትራክ

ሱልጣና ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆሴ ኤርፖርት ጀርባ፣ በምንጣፍ መጋዘንና በኤሲ ጠጋኞች መሃል ከተሸጎጠች አንዲት ትንሽ ኩባንያ ሥራ ያገኘችው በፈረንጆቹ 2007 ነበር። ከዚያ በፊት ሄይዋርድ ውስጥ በአንድ ዌርሃውስ የጫማ ካርቶን ስታሽግ ኖራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ማስተርሷን ትማር ነበር። አዲስ አበባ ኬሚስትሪ አጥንታ፣ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራ የመጣች ሴት ናት። ካርቶን ማሸግ አላሳፈራትም። የሚያስፈራት ሌላ ነበር፤ ጊዜው እየገፋ ሄዶ እጇ ሙያውን እንዳይረሳው።

የቀጠሯት ሰው ያልጠበቀቻቸው ሆነው ተገኙ። ኢንተርቪው ላይ ሁለት ፈረንጆች ጥያቄ ሲያከታትሉባት፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ዝም ብለው ቆዩና ድንገት በአማርኛ፣ «ዱቄት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«የምን ዱቄት?»

«የሚበላ እንዳይመስልሽ።»

ሱልጣና ሳቀች፤ ፍርሃቷም በዚያው ለቀቃት። ሽማግሌው ዶክተር አክሊሉ ይባላሉ። በጃንሆይ ዘመን በስኮላርሺፕ መጥተው፣ ፔሮቭስካይት በሚባሉ ኦክሳይዶች ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ሰው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ አገር መመለሱም፣ እዚህ የራሳቸው ላብ፣ የራሳቸው ላቦራቶሪ፣ ማግኘቱም ሳይሆንላቸው ቀረና ዕድሜያቸውን ኮሌጅ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ጨረሱት። ጡረታ በወጡ ማግስት ይህች ኩባንያ ስትደውልላቸው፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሰምተው ሳይጨርሱ እሺ አሉ።

ኩባንያው የሚሠራው የናፍጣ መኪና ጭስ ማጣሪያ ላይ የሚቀባ ዱቄት ነበር። ማጣሪያው ራሱ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው። ጥቀርሻውን ይይዛል፤ የያዘውን ካላቃጠለ ግን ይደፈናል። ጥቀርሻ ደግሞ በራሱ የሚቃጠለው የመኪና ጭስ በማይደርስበት ኃይለኛ ሙቀት ነው። ስለዚህ ራሱ ሳያልቅ ቃጠሎውን በዝቅተኛ ሙቀት የሚያስነሣ ነገር፣ ካታሊስት፣ ይቀባበታል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፕላቲነም ይጠቀማሉ። የነሱልጣና ተስፋ ከላንታነም፣ ከማንጋኒዝና ከኦክስጅን በሚሠራ፣ ጥቁር፣ እንደ ኩል በላመ ፔሮቭስካይት ላይ ነበር።

ሥራው ለእሷ የተሠራ ይመስል ነበር። ጨዎቹን በውኃ ታሟሟለች፤ ሲትሪክ አሲድ ትጨምርበታለች፤ እንደ ማርማላታ እስኪረጋ ታሞቀዋለች፤ ከዚያ የኤሌክትሪኩ እቶን ውስጥ ታስገባዋለች። ሲወጣ በኤክስሬይ ታየዋለች፤ አተሞቹ በትክክል ተሰድረው ከሆነ ግራፉ ላይ ቀጫጭን ጫፎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ። እነዚያን ጫፎች ባየች ቁጥር ደስ ይላታል። «ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ? ፊትሽ ላይ ይታያል» ይላት ነበር ባሏ።

ባሏ ሙጠሊብ የወሎ ልጅ ነው። አገር ቤት በጂቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ ነበር፤ ኦክላንድ ገብቶም ከመኪና አልወረደም። ከፖርቱ፣ ከወደቡ፣ ኮንቴይነር እየጫነ ሄይዋርድና ትሬሲ ድረስ ያደርሳል። ትራኩ የራሱ ነው፤ ያረጀ፣ ሰማያዊ፣ ሞተሩን ሁለቴ በእጁ ያወረደው። የሚኖሩት ዌስት ኦክላንድ፣ ከፖርቱ አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ ሰፈር የመስኮት ደፍ ጠዋት ቢወለወል ከሰዓት በኋላ ጣት ያጠቁራል። ብቸኛ ልጃቸው ዩስራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ሱልጣና የጭስ ማጣሪያ ሥራ ስታገኝ ሙጠሊብ መጀመሪያ ያለው፣ «እንግዲህ ከኔ መኪና ጋር ልትጣዪ ነው» ነበር። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

በ2009 መጀመሪያ ቀልዱ እውነት ሆነ። የስቴቱ አዲስ ሕግ ታወጀ፤ ከመጪው ጃንዋሪ ጀምሮ የተፈቀደ ማጣሪያ ያልገጠመ አሮጌ ትራክ ፖርቱ በር አይገባም። በዚያው ሰሞን የነሱልጣና ኩባንያ ዱቄቱን ከላብ አውጥቶ መንገድ ላይ የሚሞክርበት ትራክ ይፈልግ ነበር። ሙጠሊብ ይህን ሲሰማ የሚበላውን አቁሞ ቀና አለ።

«የኔን ውሰዱት።»

«ሙከራ እኮ ነው፤ ላይሠራ ይችላል» አለችው።

«ሠርቶ ከተፈቀደ መኪናዬ ይተርፍልኛል፤ ካልሠራም ያው ነኝ። ግን መጀመሪያ ንገሪኝ፤ መኪናዬ ላይ የምትቀቡት ነገር ምንድን ነው?»

ሱልጣና ለአንድ ኬሚስት ሳይሆን ለአንድ ሾፌር እንዴት እንደምትነግረው ጥቂት አሰበች።

«የጠዋቱን ባቡር፣ ባርቱን፣ አስብ» አለችው። «ሁሉም ወንበር ወንበሩን ይዟል። ላንታነም ትልቁ ሰውዬ ነው። ማንጋኒዝ ትንሽ ነው፤ ስድስት ኦክስጅን ከበውት ይቀመጣል። ሁሉም ወንበር ከሞላ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።»

«እሺ።»

«አሁን ከላንታነሙ ጥቂቱን አስወርደን በቦታው ስትሮንቲየም እናስቀምጣለን። ስትሮንቲየም ይዞት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያንሳል። ያን ጊዜ ሚዛኑ እንዲገጥም አንዳንዱ ኦክስጅን ወንበሩን ለቆ ይወርዳል። ባዶ ወንበር ሲኖር ደግሞ የቀሩት ከወዲህ ወዲያ ማለት ይችላሉ። ወደ ላይ የወጣው ኦክስጅን ጥቀርሻውን ያቃጥላል፤ የለቀቀውን ቦታ ከአየር የመጣ ሌላ ኦክስጅን ይይዛል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።»

«ስለዚህ ቁም ነገሩ ባዶ ወንበሩ ነው።»

«ቁም ነገሩ እሱ ነው።»

ማጣሪያው በማርች ተገጠመ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት አምፖል ተሰካች፤ ማጣሪያው መደፈን ከጀመረ ቢጫ ትበራለች። ሱልጣና ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ጋቢና ውስጥ እየገባች የሳምንቱን ቁጥር ትገለብጣለች። ወሮቹ መልካም ነበሩ። ከትራኩ አናት ይወጣ የነበረው ጥቁር ጭስ ጠፋ። ሙጠሊብ ፖርቱ ሰልፍ ላይ ጓደኞቹን እየጠራ የጭስ ማውጫውን ያሳያቸው ጀመር። «ሚስቴ ናት የሠራችው» ሲል ደረቱ ይነፋ ነበር። ዶክተር አክሊሉም ሌላ ሰው ሆኑ፤ ላብ ውስጥ እያፏጩ ይመላለሳሉ። በወጣትነታቸው ጥለውት የሄዱት ስትሮንቲየም ያለበት ፔሮቭስካይት ይኸው በመንገድ ላይ ይሄዳል።

ጁላይ ላይ ሱልጣና አንድ ነገር ታዘበች። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ከሳምንት ሳምንት ቀስ እያለ ይጨምር ነበር። አምፖሉን ለማብራት አይበቃም፤ ግን አይወርድም። ለኩባንያው አለቃ ነገረችው። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኢኮኖሚው ወድቆ መተንፈሻ ያጣ ሰው ነበር። «ማክሰኞ ኢንቨስተሮች ይመጣሉ። እነሱ ይሂዱና ረቡዕ ከትራኩ ላይ አውርደን እናየዋለን» አላት። ሁለት ሦስት ቀን ምን ያመጣል ብላ ተስማማች። ለሙጠሊብ አልነገረችውም። በዚያች ትራክ ላይ የጣለውን ተስፋ ታውቃለችና ነገሩ እስኪጣራ ልቡን ልታስጨንቀው አልፈለገችም።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሙጠሊብ ጭኖ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሄይዋርድ ሲሄድ አምፖሉ ቢጫ በራ። ሳን ሊያንድሮ ላይ ነበር። መውጫው ቅርብ ነው፤ የማድረሻው ቀጠሮ ደግሞ ደርሷል። ላራግፍና አቆማለሁ አለ። ትንሽ እንደሄደ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ሸክላ የሚመስል ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገባ። በመስታወቱ ሲያይ የማጣሪያው ቤት እንደ ከሰል ፍም ቀልቷል። ጥቀርሻው ሳይቃጠል ተጠራቅሞ፣ ተጠራቅሞ፣ በአንዴ ተቀጣጥሎ ነበር። ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። እሳት ማጥፊያውን ይዞ ወረደና ቧንቧው ጥግ ያለውን መከለያ ሊያነሣ ሲሞክር መዳፉንና ክንዱን ተቃጠለ። ቢሆንም እሳቱ ወደ ነዳጁ ሳይደርስ አጠፋው።

ሱልጣና ሆስፒታል ስትደርስ ግራ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «አምፖሉ በርቶ ነበር። ማቆም ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ግን ፊቱን አይታ አልቻለችም።

«ያንተ አይደለም» አለችው። «ግፊቱ እየጨመረ መሆኑን ካወቅኩ ሁለት ሦስት ቀን ሆኖኛል። እስከ ረቡዕ ይቆይ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ላንተ አልነገርኩህም።»

ሙጠሊብ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። «ዩስራን ከጎረቤት ማን ያመጣታል?» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለሱልጣና ከባድ ነበሩ። ቢጮህባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ያመሰግናታል፤ ምግብ ስትሰጠው ይበላል፤ ፋሻውን ስትቀይርለት እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ዩስራ በሁለቱ መሃል እየተመላለሰች፣ «አር ዩ ጋይዝ ኦኬ?» ትላለች። ትራኩ ተጎትቶ መጥቶ ቤታቸው አጠገብ ቆሟል።

በሳምንቱ መጨረሻ ዶክተር አክሊሉ ከሚኖሩበት ከካምቤል መጡ። ከጓሯቸው የለቀሙትን ብርቱካን በካርቶን ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ እያለከለኩ ነበር። ሙጠሊብ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ በእግዚአብሔር! አንተ ነህ የታመምከው» አሉትና ጎኑ ተቀመጡ። የፋሻውን እጅ አዩ። «ሙጠሊብ፣ ልጄ፤ እዚያ ላይ የተቀባውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ያልኳትን ነው የሠራችው። የምትቆጣ ከሆነ በኔ ተቆጣ።»

«ዶክተር፣ ምን ብዬ እርስዎን እቆጣለሁ?» አለ ሙጠሊብ አንገቱን ደፍቶ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ እንዲያ ሲሠራ የነበረ ነገር ምን ገደለው?»

ሽማግሌው ወደ ሱልጣና ዞሩ። «እሱን ገና አናውቅም። ሰኞ ቆርጠን እናየዋለን» አሉ።

ሰኞ ከማጣሪያው ካልቀለጠው በኩል ቁራጭ አወጡና ዱቄቱን ፈቅፍቀው ኤክስሬዩ ላይ አስቀመጡት። ግራፉ ሲወጣ ሱልጣና የምታውቃቸው ጫፎች ደክመው፣ አጠገባቸው ሌሎች እንግዳ ጫፎች በቅለው አየች። ዶክተር አክሊሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«ስትሮንቲየም ሰልፌት ትመስለኛለች።»

«ናት።»

ሁለቱም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ናፍጣው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ድኝና ከሞተር ዘይቱ የምትመጣው ተደምረው ወር በወር ዱቄቱ ላይ አርፈዋል። ድኝ ደግሞ ከሁሉም አስቀድማ የምትይዘው ስትሮንቲየምን ነው። እሱን እየመዘዘች ስታወጣው የአተሞቹ ሰልፍ ፈረሰ፤ ኦክስጅኑ መንቀሳቀሻ አጣ። ዱቄቱን ጎበዝ ያደረገው ነገር ራሱ ነበር ለሞት ያበቃው።

«ስትሮንቲየሙን እናውጣው» አለች ሱልጣና።

«አውጥተሽ ምን ልታስገቢ? ካልሲየም ብትዪ ያው ነው፤ ፖታሲየምም ያው ነው።»

«ምንም አላስገባም። ላንታነሙን ራሱን ጥቂት አጉድለን ቦታውን ባዶ ብንተወውስ? ማንጋኒዙ ቻርጁን ከፍ አድርጎ ሚዛኑን ይሞላዋል። ድኝ የምትይዘው ነገር ያንሳል።»

ዶክተር አክሊሉ መነጽራቸውን አወረዱ። ተነሥተው ወደ ፓርኪንጉ ወጡ። በመስኮቱ ታያቸዋለች፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመኪኖቹ መሃል እየተንጎራደዱ ነው። ስትሮንቲየም ለእሳቸው ተራ ንጥረ ነገር አልነበረም። ወጣትነታቸው ነው፤ በዶክትሬታቸው ጊዜ ጀምረውት ያላለቀ ክርክር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው በልባቸው ሲያወጡ ሲያወርዱት የኖሩት ሐሳብ ነው። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው ረጋ ብሏል።

«ሠርቼው ነበር» አሏት። «ተማሪ ሳለሁ። ደካማ ነው ብዬ ጣልኩት። እውነትም ደካማ ነው፤ ጥቀርሻውን ለማቃጠል ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ያኔ ግን የምንለካው የቱ ይፈጥናል እያልን ነበር። የቱ ይቆያል ብሎ የጠየቀን የለም። በይ ሞክሪው።»

ሞከረችው። የመጀመሪያው ዱቄት ተበላሸ፤ ላንታነሙ ከሚገባው በላይ ጎድሎ ማንጋኒዙ ለብቻው ወጥቶ ረጋ። ሁለተኛው አመድ መሰለ። ሦስተኛው ላይ ጫፎቹ ቀጥ ብለው ወጡ። ድኝ ያለበትን ጋዝ ቀን ከሌት አሳልፋበት ስትለካው፣ ትንሽ ደክሞ ከዚያ በላይ አልደከመም። ሱልጣና ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

በዚያው ሳምንት አለቃው ሰበሰባቸው። ኢንቨስተሮቹ የትራኩን አደጋ ሰምተው ሄደዋል፤ ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል። «ያለን ጊዜ ይህ ነው። የምትጨርሱት ነገር ካለ ጨርሱ» አለ። መጨረስ ማለት ለሱልጣና አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዲሱን ዱቄት መንገድ ላይ ማየት። ግን ከዚያ አደጋ በኋላ ማን መኪናውን ይሰጣል?

እቤት መጥታ ለሙጠሊብ የነገረችው ትራክ ለመጠየቅ ብላ አልነበረም። ያወቀችውን መናገር ስለነበረባት ነው። እጁ ድኖ ነበር፤ መዳፉ ላይ ግን ቆዳው ገና ሮዝ ነው።

«ትራክ ነው የቸገራችሁ?» አለ።

«አዎ። ማንም አይሰጠንም፤ እውነታቸውን ነው።»

«የኔ ቆሞ የለ እንዴ?»

«ሙጠሊብ፣ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ይህን እጅ እያየሁ?»

«እጄንማ እኔም አየዋለሁ።» መዳፉን ዘርግቶ አየውና መልሶ ጨበጠው። «ስሚኝ፣ ሱልጣና። የተቀየምኩሽ ስለተቃጠልኩ አይደለም። መኪና ሥር ያደገ ሰው ይቃጠላል፣ ይቆስላል። የተቀየምኩሽ አንቺ እያወቅሽ እኔ ሳላውቅ ስለነዳሁ ነው። ትራኩን ውሰዱት። ግን ከእንግዲህ ጠዋት ያወቅሽውን ጠዋት ንገሪኝ። እኔም አምፖሉ ሲበራ እቆማለሁ፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ወርቅም ይኑር።»

«እሺ» አለች ሱልጣና። እጁን ይዛ ጎኑ ተቀመጠች። ዩስራ ከክፍሏ ብቅ ብላ አየቻቸውና፣ «ፋይናሊ!» ብላ በሩን ዘጋችው።

አዲሱ ማጣሪያ በሴፕቴምበር ተገጠመ። አለቃው ከቢጫው አምፖል ሌላ የሚጮህ ማንቂያም አስጨመረበት። ሱልጣና በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ለሙጠሊብ ኮል ታደርጋለች፤ የዕለቱን ግፊት ትነግረዋለች፤ ከፍ ካለ ከፍ አለ፣ ከወረደ ወረደ። እንደተፈራውም ዱቄቱ ዝግ ያለ ነበር። ሙጠሊብ በፖርቱ ሰልፍ ሞተሩን አስነሥቶ ሲቆምና በአጭር መንገድ ሲመላለስ፣ ጭሱ ስለማይሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። እሱ ግን መላ አገኘለት። ወደ ትሬሲ የሚሄድ ጭነት እየመረጠ መውሰድ ጀመረ። በአልታሞንት ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ጭሱ ይግላል፤ የተጠራቀመው ጥቀርሻ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፤ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ግፊቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። «አንቺ ከኬሚስትሪው፣ እኔ ከዳገቱ» ይላት ነበር በስልክ።

እስከ ዲሴምበር አምፖሉ አንድም ቀን አልበራም። ማጣሪያው ወርዶ ሲታይ ዱቄቱ እንደተቀባ ነበር፤ ጫፎቹም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዶክተር አክሊሉ ግራፉን አይተው የሱልጣናን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ዓይናቸውን ሲጠርጉ እንዳታያቸው ብለው ይሆናል። ማጣሪያው ተመልሶ ትራኩ ላይ ተገጠመ። በሳምንቱ ኩባንያው ተዘጋ፤ እቶኑንም ኤክስሬዩንም ገዢ ወሰዳቸው።

ጃንዋሪ መጣ። ስቴቱ አንድን ማጣሪያ ለመፍቀድ ረጅም ሙከራ ይጠይቃል፤ ያን የሚያስጨርስ ኩባንያ አልነበረም። ሙጠሊብ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ቁርጡን በዓይኑ ሊያይ ጠዋት ተነሥቶ ፖርቱ በር ሄደ። ለዓመታት በሰላምታ የምታውቀው የበር ሠራተኛ ታርጋውን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባችና አንገቷን ነቀነቀች። ሙጠሊብ ወረደ። ነጭ የወረቀት ፎጣ ይዞ ከጋቢናው ጀርባ ወጣና የጭስ ማውጫውን አፍ ከውስጥ ወለወለው። ወረቀቱን አምጥቶ አሳያት። እንደወጣ ነጭ ነበር።

ሴትየዋ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየች። «አምንሃለሁ» አለችው በእንግሊዝኛ። «ሲስተሙ ግን አያውቅህም። በጣም ነው የማዝነው።»

አልተከራከራትም። ከኋላው የተሰለፉት ጥሩምባ ሳያሰሙ ጠበቁት፤ ትራኩን አዞረና ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮንቴይነር አልጫነም። በፀደዩ ትራኩን ሸጠውና የከተማ አውቶቡስ ለመንዳት ሠለጠነ። መጀመሪያ ላይ ኮንቴይነር አይናገርም፣ አይጣላም፣ ሳንቲም አይጥልም እያለ ያማርር ነበር። ውሎ አድሮ ግን የዩስራ ሐኪም በኢንሹራንሱ ሲሸፈን፣ እሱም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ቤቱ ሲገባ ማማረሩን ተወው። ቤታቸውንም ወደ ሳን ሊያንድሮ አዛወሩ።

ሱልጣና ሥራ ፈትታ በቆየችበት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ወደ ካምቤል ትሄድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ጋራዣቸው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ሁለቱ የሙከራውን ውጤት፣ የሞተውንም የቆየውንም፣ አንድ ላይ አድርገው ለሳይንስ መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጁ። ገምጋሚዎቹ ሁለት ጊዜ መለሱባቸው፤ በሦስተኛው ወጣ። የስም ቅደም ተከተል ላይ ሲደርሱ ሱልጣና የሳቸውን አስቀድማ ጻፈች። እሳቸው ሰረዙት።

«ኧረ ዶክተር፣ አይሆንም! ሐሳቡም የእርስዎ ነበር።»

«የኔ ስም ቢቀድም ለመቃብር ድንጋዬ ነው የሚጠቅመው። ያንቺ ግን ሥራ ያስገኛል። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

እንዳሉትም ሆነ። በ2012 ከፍሪሞንት አንድ ኩባንያ ጽሑፉን አንብቦ ጠራት። የሚሠሩት ለመኪና ጭስ አልነበረም፤ ጋዝን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጥ ሴል የሚሆን ፔሮቭስካይት ነበር። ኢንተርቪው ላይ ስለ አደጋው ጠየቋት፤ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በማግስቱ ደወሉላት።

ከዓመታት በኋላ ዌስት ኦክላንድ አየሩ በእርግጥ ተሻለ። ትራኮቹ ሁሉ ማጣሪያ ገጥመው ነበር፤ የሌሎች ኩባንያዎች፣ በፕላቲነም የተቀባ። ሱልጣና ይህን ስታስብ መጀመሪያ ላይ ትቆጭ ነበር። አንድ ቀን የድሮ ጎረቤታቸውን ለመጠየቅ ሦስቱም ወደዚያ ሰፈር ሄዱ። ዩስራ፣ አሁን ረጅም ልጃገረድ ሆና፣ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ከላይ «ሃሪ አፕ!» እያለች ትጠራቸው ጀመር። ሳል የለም፤ ማለክለክ የለም። ሙጠሊብ ቀና ብሎ አያትና፣ «መኪናዬን የወሰደብኝ ሕግ ይሄ ነው፤ ለሷም አየር የሰጣት ይሄው ነው። ከማን ልጣላ?» አለ። ሱልጣና ከዚያ ወዲህ በፕላቲነሙ መቆጨቱን ትታዋለች።

አሁንም ፍሪሞንት ትሠራለች። ዶክተር አክሊሉ ዕድሜያቸው ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ብርቱካኑን ሰው ነው የሚለቅምላቸው። እሑድ እሑድ ይደውሉላታል።

«አስቤው ነበር» ይሏታል ሰላምታው ሳያልቅ፤ «ዱቄትሽ ላይ ሴሪየም ጨምሪበት።»

«ጨምሬ አይቼዋለሁ፣ ዶክተር። ለብቻው ይወጣል።»

«አብዝተሽበት ነው። ትንሽ አድርጊው።»

«ትንሽም አድርጌዋለሁ።»

«አላደረግሽም!» ይላሉ፤ ክርክሩም ይቀጥላል።